ከፈትሽለት፤ ማን ነገረው?

ቤቱን በኮምፔርሳቶ የከፈለ ሰው ምስጢር አለኝ ብሎ አይኩራ። ወይዘሮ ዓለሚቱ ቅዳሜ ማለዳ ጓዳ ውስጥ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ለነገ እንግዶች ነጭ ሽንኩርት ሲልጡ፣ ከግድግዳው ወዲያ የልጅ ልጃቸው ሄቨን እናቷን በሹክሹክታ «እማዬ፣ አጎቴን እስከ ዛሬ ብሎክ እንዳደረግሽው ነው እንዴ?» ስትላት ሰሙ። እናትየዋ ድንቅቱ አዎም አይደለምም አላለች። «እሽሽ!» ብቻ አለች። ንጹሕ ሰው ደግሞ እሽሽ አይልም፤ ይህን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። አሮጊቷ ቢላዋውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ጆሯቸውን ለግድግዳው ሰጡ። ከዚያ በኋላ ግን የተሰማው ሄቨን ወደ ጤና ጣቢያ ሥራዋ ስትወጣ በሩን የዘጋችበት ድምፅ ብቻ ነበር።

ብሎክ ማለት ምን እንደሆነ ያውቁታል። የሰፈሩ ኮረዶች ከወዳጃቸው በተጣሉ ቁጥር «ብሎክ አደረግሁት» እያሉ ሲፎክሩ ሰምተዋል። መዝጋት ነው፤ ሰው ከውጭ ቢጣራ እንዳይሰማ ደጅን መቀርቀር ነው። እሱስ ገባቸው። ያልገባቸው፣ የተዘጋው የገዛ ልጃቸው ተድላ ከሆነ፣ የዘጋችውም የገዛ እህቱ ከሆነች፣ እሳቸው እነዚህን ሁሉ ወራት ሲረግሙ የከረሙት ማንን ነው?

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ባለፈው እሑድ ከእጃጂ ሽማግሎች መጥተው ነበር፤ ቀንዓ ለሚባለው ልጃቸው ሄቨንን ሊጠይቁ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ሄቨንም ወዳዋለች። ቤቱ ታጥቦ፣ ሶፋው ዳንቴል ለብሶ፣ ጎረቤት በአጥር ቀዳዳ ሲያጮልቅ ሽማግሎቹ ገቡ። የሚመሯቸው ኦቦ ሌታ የሚባሉ ረጅም፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ተቀመጡ ቢባሉ አልተቀመጡም። ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩና «ኤሱማዋ የት ነው?» አሉ። ኤሱማ የእናት ወንድም ነው። በእነሱ ወግ አባት ቢሰጥ እናት ብትሰጥ ኤሱማ ያልመረቃት ልጅ ተሰጠች አይባልም፤ ኤሱማ የተቀየማት ሙሽራ ትዳሯ አይጠናም ይላሉ። ወይዘሮ ዓለሚቱ ይህን ወግ አሳምረው ያውቁታል፤ አያቶቻቸው ከመንዝ ቢመጡም እሳቸው የተወለዱት እዚሁ አምቦ፣ ሁሉቃ ወንዝ ዳር ነው። እናም ነገሩን በሳቅ ሊያሳልፉት ፈልገው «ሚስቱ አስራው ይሆናላ!» ብለው መለሱ። ማንም አልሳቀም። ኦቦ ሌታ «እንግዲያው ለሚመጣው እሑድ እንመለሳለን። ያን ጊዜም ከሌለ፣ ላስቸገርናችሁ ይቅርታ» ብለው የቀረበላቸውን ብርጭቆ ሳይነኩ ወጡ። የሚመጣው እሑድ የተባለው ነገ ነው። ሄቨን ከዚያ ቀን ወዲህ እህል በወጉ አልቀመሰችም፤ «ጠግቤአለሁ» ትላለች፣ ሳትበላ የጠገበች።

ተድላ ያለው ጉደር ነው፤ እዚያው ያስተምራል። ሩቅ አገር አይደለም፤ የአምቦ ሰው ሲያስነጥስ ጉደር ላይ «ይማርህ» ይባላል። ሲንቄን አገባ፤ የጭልሞ ገበሬ ልጅ ናት፤ ጴንጤ ናት። አግብቶ ብዙም ሳይቆይ ማተቡን ፈታና ከእሷ ጋር መዘመር ጀመረ። ወይዘሮ ዓለሚቱ ያን ቀን ልጃቸውን የቀበሩ ያህል ቢያለቅሱም ልጅ ልጅ ነውና ዋጡት። ለመስቀል ለመስቀል ይመጣል፣ ጉልበታቸውን ይስማል፣ ሚስቱ ሶፋው ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ትቀመጣለች፣ ይሄዳሉ። ዘንድሮ ግን መስቀል መጣ፣ ደመራው ተቃጠለ፣ ዐመዱ በዝናብ ታጠበ፤ ተድላ የለም። እሳቸው ጆሯቸው ላይ ተለጥፎ የሚያወራ ዕቃ አንጠልጥዬ አልዞርም ብለው ሞባይል የሚባል አይነኩም። የልጃቸው ወሬ የሚመጣው በድንቅቱ ስልክ ነበር። ድንቅቱ ደግሞ «ምንም አላለም» እያለች ቆየች። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? የእድር ሴቶችን ሰብስበው «አስደግማበት ነው፤ ምን ያለ መዝሙር አፍ ይለጉማል?» ብለው ፈረዱ። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ። ዝምታቸውን ሐዘኔታ ነው ብለው ወሰዱት።

«ድንቅቱ!»

«አቤት እማዬ።»

«ነዪ እስቲ ወዲህ። ስልክሽንም ይዘሽ ነዪ።»

ድንቅቱ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ይዛ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ዐርባ የተጠጋች፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ የምትጠብቅ፣ ባለ ጉዳይ «እመቤቴ» እያለ የሚለምናት ሴት ናት። እናቷ ፊት ስትቆም ግን ዛሬም እንቁላል እንደ ሰበረች ልጅ እጇን ከኋላዋ ታደርጋለች።

«ወንድምሽን ዘግተሽዋል?»

«ማን አለሽ?»

«ግድግዳው።»

ድንቅቱ የጤፍ ጆንያው ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ልትክድ አፏን ከፈተች፤ የእናቷን ፊት አየችና ዘጋችው። ከዚያ ነገሩ እንደ ተተረተረ ከረጢት ፈሰሰ። በሁዳዴ ነው። ተድላ በየማለዳው፣ ዶሮ ሳይጮኽ፣ በዋትሳፕ መዝሙር ይልካል፤ መዝሙሩ ሲያልቅ ጥቅስ፣ ጥቅሱ ሲያልቅ «እህቴ ጌታ ይወድሻል»። እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማ፣ ቢሮ ውላ፣ ገበያ ደርሳ ትገባለች፤ ሌሊቱን ደግሞ ስልኳ ትራሷ ሥር ሲንጫጫ ያድራል። ተው አለችው፤ «የአንቺን ነፍስ እንዴት እተዋለሁ?» አላት። «ጾሜን እንኳ በሰላም ልጹም ብዬ ዘጋሁት፣ እማዬ። ለፋሲካ እከፍትለታለሁ ብዬ ነበር።»

«ፋሲካ አለፈ።»

«ረሳሁት። ኋላ ሳስታውስ ደግሞ አፈርሁ። ቢከፍቱት ምን ይባላል? እሱስ ቢሆን ለምን አይደውልም? ኮርቶ ነው አልሁና እኔም ኮራሁ።»

«እኔ ሲንቄን ስረግምስ ምን ትሠሪ ነበር?»

ድንቅቱ የጆንያውን ክር ትመዝ ጀመር።

«አሜን ትዪ ነበር» አሉ ወይዘሮ ዓለሚቱ። «በጆሮዬ ነው የሰማሁሽ። በይ አሁን ክፈቺው። እዚሁ፣ ፊቴ ላይ።»

ድንቅቱ ስልኩን እየነካካች፣ አሮጊቷ አንገታቸውን አስግገው ጣቷን ሲጠብቁ ቆዩ። መቼም በር ነው የሚከፈተው፤ ቀጭ የሚል ነገር፣ የሆነ ድምፅ መሰማት አለበት ብለው ነበር። ምንም አልተሰማም። አንዲት ቃል ጠፍታ በቦታዋ ሌላ ቃል መጣች፤ እሳቸው ደግሞ ሁለቱንም አያነቡም። ድንቅቱ «አለቀ» አለች።

«ምኑ?»

«ተከፈተ።»

«እሱ ምን አለ?»

«ምን ይላል? አያውቅም እኮ።»

«ከፈትሽለት፤ ማን ነገረው?»

«ማንም አይነግረውም፣ እማዬ። ስልኩ ሲዘጋም አይናገር፣ ሲከፈትም አይናገር።»

ወይዘሮ ዓለሚቱ ይህን ከሰው አፍ ሳይሆን ከዕብድ አፍ የሰሙ ያህል ደነገጡ። እዚህ አገር ሁለት ሰው ተኳርፎ አንዱ ብቻውን ጓዳው ውስጥ ታረቅሁ አይልም። ሽማግሌ ይሄዳል፣ ለምለም ሣር ይያዛል፣ «እገሊት ቂሟን ትታለች» ይባላል፣ ያኛውም ሰምቶ እሺ ይላል፣ ጉልበት ይሳማል። ሰምቶ እሺ ያላለበት ዕርቅ ዕርቅ አይደለም። «ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶ ከሄደ በኋላ በሩን ብትከፍቺው፣ መከፈቱን በምን ያየዋል?» አሉ። «ይሁን። እስከ ዛሬ የላከልሽስ? ይግባ እንጂ!» በረት ሲከፈት በጎች እየተጋፉ እንደሚገቡ የእነዚህ ሁሉ ወራት ቃል የሚግተለተል መስሏቸው ስልኩን ትክ ብለው አዩት።

«በተዘጋ ጊዜ የተላከ አይመጣም።»

«የት ሄዶ?»

«እንጃ። ይቀራል።»

«የሰው ቃል ሜዳ ላይ ይቀራል?» አሉ።

ድንቅቱ እንደ ድሮው ደወለችለት። ጠራ፣ ጠራ፣ ዝም አለ። ደግማ ደወለች፤ አሁንም ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ። ወይዘሮ ዓለሚቱ ወዲያው ነቁ። አሃ! ስልኩን የያዘችው እሷ ናት። ድንቅቱ ዘጋችም አልዘጋችም፣ ከጉደር በኩል ደግሞ ሌላ ቀርቃሪ አለ። እንዲያውም እህትና ወንድም እንዲዘጋጉ በየሌሊቱ መዝሙሩን የሚያስልከው ማን ሆነና? አንዴ የገባ ጥርጣሬ የሚያድርበት ጎን አያጣም። ተነሥተው ታጠቡ፣ ለበሱ። እናት ልጇን ደጅ አትጠናም ሲሉ የኖሩ ሴት፣ ለልጅ ልጃቸው ሲሉ እንደ ሽማግሌ ሊሄዱ ነው። ድንቅቱ እኔም ልከተል አለች፤ «አንቺ ሽንኩርቱን ልጪ» ተባለች። በር ላይ ግን ነጠላቸውን ይዛ አስቆመቻቸው።

«እማዬ፣ በሞቴ፣ እንደ ዘጋሁት አትንገሪው። ነገ ልጄን የሚመርቃት አፍ ነው። እህቴ እንደ ውሻ ደጅ አሳደረችኝ ብሎ ከተቀየመ፣ ቢመጣም ምርቃቱ ከአንገት በላይ ነው የሚሆነው። ኦቦ ሌታ ደግሞ ይህ አይጠፋቸውም።»

«አልነግረውም አላልሁም፤ እነግረዋለሁም አላልሁም» ብለው ወጡ።

ቅዳሜ የአምቦ ገበያ ነው። መናኸሪያው ድረስ በአህያና በባጃጅ መካከል ሲጋፉ፣ ለነገው የጎደለውን ቅቤ ጠየቁ። መቶ ሃምሳ አሏቸው፤ «ላሟ ራሷ ናት እንዴ ኪሎው?» ብለው አለፉ። የሚኒባሱ ረዳት ዐሥር ብር አላቸው፤ በሰባት ጨረሱት፤ «እናቴ፣ እንደ እርስዎ ያለ ሦስት ተሳፋሪ ቢገጥመኝ መኪናውን እሸጣለሁ» ቢል «ሽጠው፤ ፍሬኑም አይይዝም» አሉት። ከጎናቸው የተቀመጠችው ጉዩ የምትባል የጉደር ቅቤ ነጋዴ ነበረች፤ ሸጣ ጨርሳ ባዶ ቅሏን ታቅፋ ትመለሳለች። በየቅዳሜው የሚያውቋት፣ ስታያቸው ከሩቅ የምትስቅ ሴት ናት። ዛሬ አልሳቀችም።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ ዓለሚቱ።»

«ፈያ፣ ጉዩ። ገበያው እንዴት ነበር?»

«ደኅና ነው። ወደ ተድላ ቤት ነው?»

«አዎን፣ ምነው?»

«ዛሬ ገና?» አለች ጉዩ። «ይሁን፣ መምጣቱም አንድ ነገር ነው» ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች፤ ጉደር እስኪደርሱም አልተነፈሰችም። ወይዘሮ ዓለሚቱ ከንፈራቸውን ነከሱ። እነሆ! ሲንቄ ስማቸውን እስከ ቅቤ ተራ ድረስ በትናዋለች፤ አማቴ ቤቴን አትረግጥም ብላ ለነጋዴው ሁሉ ተናግራለች። የመንገዱን ግራና ቀኝ ጤፍ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል፤ እሳቸው ግን አላዩትም። የሚናገሩትን እያሰናዱ ነበር። «ልጄን መልሺልኝ» የሚለውን መጀመሪያ አደረጉት። «ያሰርሽውን ፍቺ» የሚለውን ለመጨረሻው አስቀመጡት። መካከል ላይ የሚገባውን ስድብ መርጠው ሳይጨርሱ መኪናው ቆመ።

የተድላ ቤት ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ቆርቆሮ በር ያለው ግቢ ነው። በሩን በጡጫቸው ደበደቡት። ከውስጥ የነጠላ ጫማ ድምፅ መጣ፣ መወርወሪያው ተሳበ፣ ሲንቄ ከፈተች።

ጥቁር ለብሳለች። ቀሚሷ ጥቁር፣ ሻሿ ጥቁር፤ ጥቁሩም አዲስ አይደለም፤ ታጥቦ ታጥቦ ትከሻው ላይ ወደ ቡኒ ያደላ፣ ወራት የተለበሰ ጥቁር ነው። ወይዘሮ ዓለሚቱ ያሰናዱት ነገር ሁሉ ከአፋቸው ጠፋ። ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ያላነሣው ሰው ፊታቸው ላይ ድቅን አለ። መስቀል ያልመጣው ሰው። የበሩን ቆርቆሮ ያዙ።

«ተድላ!» አሉ። «ልጄ! ልጄን ምን አገኘው?»

ሲንቄ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ፊታቸውን አየችና ድምፅዋ ተለወጠ። «የለም፣ የለም፣ እማማ! ተድላ ደኅና ነው፤ የቅዳሜ ተማሪዎች አሉት፣ እያስተማረ ነው።» ቀሚሷን በእጇ ነካችው። «አባቴ ነው። አባቴ ጀቤሳ። በሐምሌ።» አየቻቸውና ቀስ ብላ ጨመረች፤ «አልሰሙም ነበር?»

በሐምሌ። አሁን ጥቅምት ነው። ሜዳ ላይ የቀረው ቃል ይህ ነበር። የእድሩ ሴቶች አንገት መድፋት፣ የጉዩ ፊት መመለስ፣ ለካ ሁሉም አውቆ፣ እሳቸው ሰምተው የቀሩ መስሎት ነው። የምራት አባት ሞቶ ሳያለቅስ የቀረ ቤት! እንዲህ ያለውን ቤት እሳቸው ራሳቸው ቢያዩ ምን ይሉ እንደነበር ያውቃሉ፤ ምላሳቸውን ያውቁታል።

ለጠብ ብለው የለበሱት ጥልፍ ቀሚስ ነበር፤ ነጠላቸውም ባለ ቀይ ጥለት። ደጁ ላይ እንደ ቆሙ ነጠላውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ ገለበጡት፣ አዘቅዝቀው ጥለቱን ወደ ፊታቸው አድርገው ተከናነቡና ድምፃቸውን ለቀቁት።

«የጭልሞ ዝግባ ወድቆ አገር ሲናወጥ፣
ምን ዓይን ኖሮኝ መጣሁ ከደጅሽ ልቀመጥ!»

ጎረቤት ከየበሩ ብቅ አለ፤ አዲስ ሬሳ ያለ መስሎት የሮጠም ነበር። በዚያ ግቢ እንዲህ ያለ ለቅሶ ተሰምቶ አያውቅም። የሲንቄ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች በሐምሌ መጥተው ዘምረው፣ ጸልየው፣ ተስፋ አለን ብለው ነው የሄዱት፤ ደረት መምታትና ሙሾ ማውረድ ነውር ነው። ሲንቄም አባቷን እንደዚያ በዝግታ፣ በመሐረብ፣ እንደ ተማረ ሰው ነው ያለቀሰችው። አሁን አሮጊቷ ደረታቸውን እየመቱ ጀቤሳን በስሙ ሲጠሩት መጀመሪያ «ይተዉ እማማ፣ ይተዉ» አለች። ሁለተኛውን ሲያወርዱ ዝም አለች። ሦስተኛው ላይ አንድ የታፈነ ነገር ከውስጧ ወጣ፤ «አባኮ!» ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ወይዘሮ ዓለሚቱም አብረዋት ተቀመጡ። ሁለቱ ሴቶች ቆርቆሮው በር ሥር፣ አፈሩ ላይ፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው የሦስት ወሩን ለቅሶ አለቀሱት።

ኋላ ወደ ቤት ገቡ። ክፍሉ ትንሽ ነው፤ አልጋው ተነሥቶ ወለሉ ላይ ፍራሽ ተነጥፏል፤ ቡፌው ላይ ጀቤሳ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ ፎቶ አንሺውን እንደ ተጠራጠረ ሆኖ ቆሟል። ወይዘሮ ዓለሚቱ በልባቸው «ይህን ሰው ባውቀው እንግባባ ነበር» አሉ። በሠርጉ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያዩት፤ ያን ቀንም ሰላምታቸው ከጣት ጫፍ አላለፈም። ሲንቄ ውሃ አመጣችላቸው። ስለምን እንደመጡ አልጠየቀችም፤ እሳቸውም አልተናገሩም። ለቅሶ በተቀመጡበት ፍራሽ ላይ የሠርግ ወሬ አይነሣም፤ ይህን የማያውቅ ሰው እህል አይቀርብለትም። ነገ እሑድ መሆኑ ግን እንደ ፍም ምላሳቸው ሥር ይፋጃል።

ተድላ የመጣው ፀሐይ ዘንበል ካለች በኋላ ነው፤ እጁ ላይ ጠመኔ አለ። ጎረቤት መንገድ ላይ ነግሮት መሆን አለበት፣ ሲገባ አልደነገጠም። ጉልበታቸውንም አልሳመም። ፊት ለፊታቸው ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ዛሬ ሰማሽ?» አለ።

ዓይናቸውን ወደ ጀቤሳ ፎቶ መለሱ።

«ከጭልሞ ሆኜ ለድንቅቱ ጻፍሁላት። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥቼ ነው የጻፍሁት፤ ለመደወል አይበቃም ነበር። ሞቷል፣ እማዬን ይዘሽ ነዪ አልኋት። ሬሳው ሊወጣ ሲል እንኳ መንገድ መንገድ አይ ነበር። ሰው ሁሉ 'ያንተ ወገን የታሉ?' ሲለኝ እየደረሱ ነው እያልሁ። አርባውም አለፈ። እህቴ አንዲት 'ነፍስ ይማር' እንኳ አልጻፈችልኝም።»

እውነቱ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ «ዘግታህ ነበር፣ አልደረሳትም»። ወይዘሮ ዓለሚቱ ይህችን ዓረፍተ ነገር ከአምቦ ጀምረው ይዘዋት መጥተዋል። ንጹሕ ታደርጋቸዋለች። ድንቅቱን ግን ታስከፍላታለች፤ ከድንቅቱም አልፋ ሄቨንን። መዝሙር ሰልችቷት የዘጋችው እህት፣ ወንድሟ ኮረብታ ላይ ቆሞ እየጮኸ የዘጋችበት እህት ትሆናለች። ልጃቸውን ያውቁታል፤ የማን ልጅ ሆነና? ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

«ነግራኛለች» አሉ። «ድንቅቱ ያን ቀን ነው የነገረችኝ። ያስቀረኋት እኔ ነኝ።»

«አንቺ?»

«እኔ። እንዳትጽፊለት ብዬ ገዘትኋት። መልስ ሳትሰጥህ የቀረችው በእኔ ቃል ነው።»

«ለምን?»

ለምን? ለውሸት ምክንያት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም፤ እውነት የሆነ ምክንያት ሆዳቸው ውስጥ ዓመታት ተቀምጧል። ሲንቄ ውሃ እያፈሰሰች ነበር፤ ማሰሮው እጇ ላይ ቆመ።

«ሚስትህን ስለናቅሁ» አሉ። «ወገኗንም ስለናቅሁ። ኩራት ነው።»

ተድላ ተነሣ። ወደ በሩ ሄደ፣ እዚያ ቆመ፣ ጀርባውን ሰጣቸው። ያን ጊዜ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ጢን አለ። አወጣው፤ አየው፤ እንደገና አየው። «ድንቅቱ ናት» አለ በደረቁ። «'ወንድሜ፣ ደኅና ነህ ወይ?' ትላለች። ዛሬ!»

«ጻፊለት ብዬ ፈቅጄላት ነው የመጣሁ» አሉ ወይዘሮ ዓለሚቱ። «እሷን አትቀየማት። የምትቀየመው እነሆ ከፊትህ ነው ያለው።»

ሲንቄ አሮጊቷን አየቻቸው። በር ላይ «ልጄን ምን አገኘው?» ብለው ሲጮኹ ያየቻቸው እሷ ናት፤ በሐምሌ ሰምቶ የቀረ ሰው እንደዚያ አይደነግጥም። ወይዘሮ ዓለሚቱም ማየቷን አዩ፤ ዓይናቸውን አልሰበሩም፤ ተናገሪና አዋርጂኝ የሚሉ ይመስል አገጫቸውን ቀና አደረጉ። ሲንቄ ማሰሮውን አስቀመጠችና ባሏን «ተቀመጥ» አለችው። «አልቅሰዋል። እኔ ተቀብዬአለሁ፤ አባቴ የእኔ ነው። ና ተቀመጥ፣ ጉልበታቸውን ሳም።»

ተድላ ስልኩን ኪሱ ከትቶ መጣ፤ ጎንበስ አለ፤ ሳመ። ጠመኔው ቀሚሳቸው ላይ ነጭ ጣት ተወ። እሳቸውም ራሱን እንደ ልጅነቱ በሁለት እጃቸው ያዙት። ፀሐይዋ ግን እየወረደች ነበር፤ የመጨረሻው ሚኒባስ መሄጃው ደርሷል፤ ስለ ነገ የተባለ ነገር የለም። ሊሰናበቱ ተነሡ።

«ነገ በስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?» አለች ሲንቄ።

«እነማን?»

«የእጃጂ ሰዎች።»

ወይዘሮ ዓለሚቱ የለመደ ዓይናቸው ጠበበ። «ማን ነገረሽ?»

«ራሳቸው። ባለፈው እሑድ ወደ እናንተ ሲያልፉ ኦቦ ሌታ እዚህ ገብተው አልቅሰውልኝ ነው የሄዱት። በእኛ አገር ለሽምግልና የሚሄድ ሰው የኤሱማዋን ቤት ሐዘን ረግጦ አያልፍም።»

ስለዚህ ያውቁ ነበር። «ኤሱማዋ የት ነው?» ሲሉ የት እንዳለ ያውቁ ነበር። ያ ጥያቄ አልነበረም፤ ይህ ቤት ከወገኑ ጋር ያለቅሳል ወይ፣ እንዲህ ካለ ቤት ጋር እንዛመዳለን ወይ ነው የተባለው። እሳቸውም ምን ብለው እንደ መለሱ ትዝ አላቸው፤ ማንም ለምን እንዳልሳቀ አሁን ገባቸው። ጆሯቸው ጋለ።

«ከቅዳሴ መልስ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«ተድላ ይመጣል» አለች ሲንቄ። ተድላ አልከለከለም። «እኔ እንኳ እቀራለሁ። ጥቁሬን አላወለቅሁም፤ ደስታ ቤት በጥቁር አይገባም።»

ወይዘሮ ዓለሚቱ ነጠላቸውን አሁንም እንዳዘቀዘቁት ናቸው። በሩ ላይ ቆመው ምራታቸውን ከሻሿ እስከ ነጠላ ጫማዋ አዩአት።

«በጥቁርሽ ነዪ» አሉ። «ከኦቦ ሌታ ፊት ለፊት፣ ከእኔ ጎን ትቀመጫለሽ። የሚጠይቅ ካለ እኔ እመልስለታለሁ።»